ስለ ዘፈን ስንጽፍ ሃይማኖትን የሚደፍር ቃል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በሞጣ፣ በዳንግላና በሌሎችም የጎጃም ከተሞች ሆነው ስለ ዘፈንና ስለ ዘፋኞች ለሚጽፉ ወጣቶች፣ እንዲሁም የተጻፈውን አንብበው ለሚቆጡ ሰዎች ነው። ጥያቄዎቹ ከሁለቱም ወገን የመጡ ናቸው፤ መልሶቹ የእኔ ናቸው።

ሃይማኖትን የሚደፍር ቃል በሙዚቃ ትችት ውስጥ ቦታ አለው ወይስ የለውም?

አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ምክንያቴ ግን «ኃጢአት ነው» የሚል አይደለም፤ የኃጢአቱን ነገር ለንስሐ አባት እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ቃሉ ስለ ሙዚቃው ምንም የማይነግረን መሆኑ ነው። «የዚህ ልጅ ድምፅ እግዜርን ያስረግማል» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ድምፁ ምን አስታወቀን? ሻካራ ነው? ከቅኝቱ ወጥቷል? ትንፋሽ ያጥረዋል? አናውቅም። «ከፍ ወዳለው ድምፅ ሲወጣ ይሰነጠቃል፤ ማሲንቆው እየተከተለ ሊሸፍንለት ቢሞክርም ወደ አዝማቹ ሲመለሱ ሁለቱ ይለያያሉ» ቢል ግን አንባቢው ይሰማዋል፣ ዘፋኙም አንብቦ ያርመዋል። ሁለተኛው አነጋገር ከመጀመሪያው ይልቅ ለዘፋኙ የሚያምም ነው። ማመሙ ግን እውነት ስለያዘ ነው።

ደፋር ቃል ቦታ የሚያገኘው እርሱ ቢወጣ ስለ ሙዚቃው የሚነገረው ነገር የሚጎድል ሲሆን ነው። ይህ ያጋጥማል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ድፍረት የምትሉት የትኛውን ነው?

ሰዎች በአንድ ስም የሚጠሩት ነገር ብዙ ነው። «ጊዮርጊስን!» ብሎ መማል ድፍረት አይደለም፤ ጎጃም ውስጥ በሬ ሻጩም ገዢውም ይምላል፣ ዘፋኙም በፍቅር ግጥሙ ማርያምን ይጠራል። ጉቦ የበላ የደብር አስተዳዳሪን ወይም ጾም ሰባሪ ቄስን በስንኝ መንካትም ሃይማኖትን መድፈር አይደለም፤ ምእመናን ራሳቸው በየሰንበቴው የሚሉት ነው። ታቦቱን፣ ቁርባኑን፣ ቁርአኑን፣ ነቢዩን መዘባበቻ ማድረግ ግን ከእነዚህ የተለየ ነገር ነው። ሰውየው ልጁን ሲቀብር የተደገፈበትን ነገር ነው የምትነኩት። እዚህ ገጽ ላይ «ድፍረት» ስል ይህን የመጨረሻውን ማለቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ከዚህ ጋር ቀላቅለው ሁሉንም ዝም ለማሰኘት በሚፈልጉ ሰዎች አልስማማም።

የጎጃም ቅኔ ራሱ ፈጣሪን ይሞግት የለም ወይ? ታዲያ እኛ ለምን እንታገዳለን?

ይሞግታል። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ የታወቁት በልስላሴ አይደለም። ባለቅኔው ፈጣሪን ይጠይቃል፣ ሞትን ይከስሳል፣ ንጉሥንም ጳጳስንም ከነማዕረጋቸው ይነካል፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በማኅሌቱ መካከል ቆሞ፣ ካህናቱ እየሰሙ። ይህን ረስተው «ባህላችን ዝም ማለት ነው» የሚሉ ሰዎች ጎጃምን አያውቋትም።

ግን ያ ድፍረት በምን ዋጋ እንደሚገኝ ተመልከቱ። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ቅኔውን ለመቁጠር ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ እስኪደርስ ድረስ ስንት ክረምት ያልፋል። ያዘጋጀውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ነገራ ይሉታል። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና ጓደኞቹ ባሉበት ያርሙታል፦ እዚህ ላይ ቤት አልመታህም፣ እዚህ ምጣኔህ ጎድሏል፣ እዚህ ምሥጢር አፋልሰሃል። ሰነፍ ሊሉትም ይችላሉ። የሰነፈበትን ቦታ ግን ሳያሳዩት አያልፉም።

እኔ ከዚህ የበለጠ የትችት ትምህርት ቤት አላውቅም። የሙዚቃ ጋዜጠኝነት ከውጭ የመጣ ሙያ ነው የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ ጋዜጣው ከውጭ ይምጣ እንጂ በሰው ፊት የተሠራን ሥራ በሰው ፊት የመመርመር ልማዱ እዚሁ የነበረ ነው። ደግሞም የባለቅኔው ድፍረት ወርቁ ውስጥ ነው ያለው። ሰሙን አልፎ እስከዚያ የሚዘልቀው ያሰበ ሰሚ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባለቅኔው ሰሚውን እንዲያስብ ያስገድደዋል። ራቁቱን የወጣ ስድብ ማንንም እንዲያስብ አያስገድድም። ሰሙንም ወርቁንም ጥሎ ስድቡን ብቻ ያስቀረ ጸሐፊ «እኔም የቅኔ ልጅ ነኝ» ሲል አልቀበለውም።

አዝማሪ ሲለው የሚሳቅለትን እኔ ስጽፈው የሚያስቆጣው ለምንድን ነው?

ሰሚው ስለሚለይ ነው። ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ስትገቡ ከጭፈራው ይልቅ የአዝማሪውን ዓይን ተከታተሉ። አንዱ እንግዳ ብርጭቆውን እንደ ያዘ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ አንድ ቄስ በዓቢይ ጾም ዶሮ በላ የሚል ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ወዲያው አይቀበልም። መጀመሪያ ማሲንቆውን አንድ ዙር ለብቻው ያስጮኸዋል፤ በዚያች ጊዜ ቤቱን ይቃኛል። ጥግ ላይ ነጠላቸውን ያጣፉ ሽማግሌ አሉ? ጥምጥም ያደረገ ሰው አለ? ካለ፣ ስንኙን ሲመልሰው ቄሱን «ጎረቤቴ» ያደርገዋል። ቃሉ ከስንኙ መካከል ስለሆነ ስንኙ ቤት መምታቱን አያጣም። ሰጪው ይስቃል፣ ሽማግሌውም ይስቃሉ፤ ስለ ማን እንደተባለ ያልገባው ሰው የለም፣ የተዋረደም የለም። ከዚያ ወዲያ አዝማሪው ዘለሰኛ ቢገባና ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ሞትና ስለ ፈጣሪ ቢያንጎራጉር፣ ይኸው የሳቀው ሕዝብ ዝም ብሎ ያደምጠዋል። የሚቀልደውም የሚያለቅሰውም አንድ ሰው ነው፤ ቀልዱ ከእምነቱ ውስጥ የወጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

የተጻፈ ነገር ቤቱን መቃኘት አይችልም። አንዴ ከወጣ በኋላ በቢቸና የሚኖሩ አሮጊት የልጅ ልጃቸው ያነብላቸዋል፣ በመርጡለ ማርያም ዲያቆኑ ያነበዋል፣ በሞጣ የመድረሳ መምህሩ ያነበዋል። ማንም «ጎረቤቴ» ብሎ አይለውጥላችሁም። ስለዚህ አዝማሪው በአንድ ዙር ማሲንቆ የሚያደርገውን ቅኝት እናንተ ከመጻፋችሁ በፊት ልታደርጉት ይገባል። አዝማሪው የሚችለውን እኛ አንችልም ማለቴ አይደለም፤ አዝማሪው የሚጠነቀቀውን ያህል እንጠንቀቅ ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን ከእርሱ እጅግ ያነሰ እንጠነቀቃለን።

ዘፈኑ ራሱ ደፋር ቃል ካለውስ? ልጥቀሰው ወይስ ልዝለለው?

ጥቀሱት። ደፋር ቃል ቦታ አለው ያልኩት እዚህ ጋር ነው። ዘፋኙ ፈጣሪን ከወቀሰ፣ ወቀሳው የዘፈኑ ልብ ከሆነ፣ እርሱን ሳይጠቅሱ ስለ ዘፈኑ መጻፍ አንባቢን ማታለል ነው። ቃሉን በነጥብ መተካትም አይጠቅምም፤ አንባቢው ከነበረው የከፋ ቃል ይገምታል። ስንኙን ሙሉውን፣ ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ጻፉ። በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ማን እንደሆነም ግለጹ፤ ልጇን የቀበረች እናት «ለምን?» ብላ ስትጮህና ሰካራም ሲሳለቅ አንድ አይደለም። የኢዮብን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ርእስ ላይ ግን አታውጡት። ለምን እንደሆነ የሚቀጥለው መልስ ያሳያል።

የውጭ አገር የሮክ ጸሐፊዎች እንደ ልባቸው ይጽፋሉ። እኛስ?

የሙዚቃ መጽሔቶቹ ሮሊንግ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1967 በሳን ፍራንሲስኮ፣ ክሪም በ1969 በዲትሮይት ሲመሠረቱ ወላጆች በቤት ውስጥ የሚከለክሉትን ቃል ማተም ለወጣቶቹ ጸሐፊዎች የነጻነት ምልክት ነበር። ከመካከላቸው ድንቅ ጸሐፊዎች ወጥተዋል። ድንቅ ያደረጋቸው ግን ጆሯቸው ነው፤ ጊታሩ ምን እንዳደረገ፣ ከበሮው የት ላይ እንደዘገየ መስማትና መናገር ይችሉ ነበር። እኛ ዘንድ ተገልብጦ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ስድቡ ብቻ ነው።

እዚያም ቢሆን ነጻነቱ እንደሚወራው ገደብ የለሽ አልነበረም። የእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን የቢትልስ አባል ጆን ሌነን እ.ኤ.አ. በማርች 1966 ለለንደኑ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ ሲናገር፣ በዚያ ሰዓት እነርሱ ከኢየሱስ ይልቅ ታዋቂ እንደሆኑ ጠቀሰ። ንግግሩ ስለ ቤቱ፣ ስለሚያነባቸው መጻሕፍትና ስለ ሕይወቱ ከሚያወራ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ቦታ ነበረች፤ እንግሊዝ ውስጥ ብዙም ሰው ልብ ሳይላት አለፈች። ከወራት በኋላ ዴትቡክ የተባለ የአሜሪካ የወጣቶች መጽሔት ነጥሎ በሽፋኑ ላይ አወጣት። በአላባማና በሌሎች የደቡብ ግዛቶች ሬዲዮ ጣቢያዎች የቡድኑን ዘፈኖች አገዱ፣ ሸክላዎች በአደባባይ ተቃጠሉ፤ ሌነንም በነሐሴ ቺካጎ ላይ ለጋዜጠኞች ማብራሪያና ይቅርታ ለመስጠት ተገደደ።

ቃሉ ያው ነው፤ ከጽሑፉ ተነጥሎ ሽፋን ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነ። ዛሬ በስልክ ርእሱን ብቻ አንብቦ ለመቶ ሰው የሚያጋራ ሕዝብ ባለበት ጊዜ፣ ርእስ የሚያወጣ ሰው ከጸሐፊው እኩል ኃላፊነት አለበት። ጸሐፊው በጥንቃቄ የተነተነውን ስንኝ አርታኢው ነጥሎ ርእስ ላይ ሲሰቅለው አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ያነበበው ሰው የለም፣ የተቆጣው ግን ብዙ ነው።

ዘፋኝን «የሙዚቃ አምላክ»፣ «የዜማ ታቦት» ብሎ ማሞገስስ?

አልወደውም። ጥላሁን ገሠሠን «የሙዚቃ ንጉሥ» ብንለው ንግሥናው ማንንም አይነካም፣ ድምፁም ይመሰክርለታል። «አምላክ» ግን አማኙን ያስቀይማል፣ ስለ ዘፋኙም የሚጨምረው ነገር የለም። ከስድቡ ይልቅ የሚዘወተረው ይህ ዓይነቱ ነው፤ የሚጽፉትም ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን የሚሉት ሲያጡ ነው። ሙገሳም እንደ ወቀሳ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ዘፋኝ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ወይም ጸናጽል በዘፈኑ ውስጥ ሲያስገባ «ደፈረ» ብዬ ልጻፍ?

መጀመሪያ የሰማችሁትን በትክክል ጻፉ። ዜማው ከቅዱስ ያሬድ ሦስት የዜማ ዓይነቶች ከግዕዝ፣ ከዕዝል ወይስ ከአራራይ የተቀዳ ነው? ወይስ ዘፋኙ በራሱ የትዝታ ቅኝት ውስጥ የካህን አወጣጥ ብቻ ነው የጨመረው? ጸናጽሉ እንደ ማኅሌቱ ከመቋሚያው ጋር ይሄዳል ወይስ ለማሳመሪያ ያህል ብቻ የገባ ነው? ይህን ለማወቅ የሚጠየቅ ሰው ጎጃም ውስጥ አይታጣም፤ በየደብሩ መሪጌታ አለ። ብዙ ጸሐፊዎች መሪጌታውን ሳይጠይቁ ወይ «ደፈረ» ወይ «ባህላችንን ከፍ አደረገ» ይላሉ፤ ሁለቱም ያለ ሥራ የተገኘ ፍርድ ነው።

በቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁላችንም ጂጂ የምንላት፣ በልጅነቷ ከካህን ዜማ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ከአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ጋር በሠራችው አልበም ውስጥ ድምፅ ስትጎትት የካህናቱ አወጣጥ ይሰማል። የሰማችውና ያደገችበት ነው። ይህን «ድፍረት» ማለት ልጅነቷን ድፍረት እንደ ማለት ነው። ቅዳሴን ለጭፈራ ማድመቂያ ቆርጦ የሚለጥፍ ሰው ቢገጥማችሁ ደግሞ ያንኑ በግልጽ ጻፉ፤ የትኛውን ክፍል እንደ ቆረጠ፣ ከምን ግጥም ጋር እንዳገናኘው አሳዩ። አንባቢው የራሱን ፍርድ ይሰጣል።

ዘፋኝ ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ሲገባ ምን ብዬ ልጻፍ?

በአክብሮት ጻፉ። ሙሉቀን መለሰ የጎጃም ተወላጅ ነው፤ ድምፁን የማያውቅ የለም። በዝናው ከፍታ ላይ ሳለ ወንጌላዊ አማኝ ሆኖ ዘፈንን ተወ፣ በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ እስካረፈበት ጊዜም በመዝሙሩ ጸና። ብዙ አድናቂ ዘፈኑን በማቆሙ አዝኗል፤ እኔም ከሚያዝኑት ነኝ። ኀዘኑን መጻፍ ይቻላል፣ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ምን እንዳጣ መተንተንም ይቻላል። «ሃይማኖት ነጠቀን»፣ «አሞኙት» እያሉ መጻፍ ግን በሰውየው ውሳኔ ላይ መዘባበት ነው። ሰባኪዎች ገላትያ 5፥21ን ጠቅሰው ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራ ሲቆጥሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ዘፋኝ፣ መድረክ ላይ በቆመ ቁጥር ይህን ጥያቄ ተሸክሞ ነው የሚቆመው። ይህን ትግል ያልተረዳ ጸሐፊ የኢትዮጵያን ዘፋኝ አልተረዳውም።

መዝሙርን ወይም መንዙማን እንደ ሙዚቃ መተቸት ይቻላል?

ይቻላል፣ ያስፈልጋልም። ድምፁ፣ ግጥሙ፣ ቅጂው፣ አጃቢው መሣሪያ ሁሉ ይመዘናል። «የኦርጋኑ ድምፅ ዘማሪዋን ውጧታል» ማለት በምስጋናው ላይ መናገር አይደለም። ለማን እንደሚዘመር ግን ለትችት አይቀርብም። ስለ መንዙማ የምትጽፉ ክርስቲያኖች የሙስሊም አድማጭ አስነብባችሁ አስተካክሉ፤ ስለ ማኅሌት የሚጽፍ ሙስሊምም እንዲሁ።

የራስ ሃይማኖት ላይ ሲሆን ይፈቀዳል፣ የሌላው ላይ ሲሆን አይፈቀድም ማለት ነው?

ከውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጠዋል። የሌላውን ሲነካ ግን የሚሆነውን ጎጃም ላይ አይተነዋል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ውስጥ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆች ወደሙ። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ የሚል ወሬ ነበር የተዛመተው። ስንት ዘመን በሰርግም በለቅሶም አብሮ የኖረ ሕዝብ በአንድ ቀን ወሬ ምን እንደደረሰበት ያየ ሰው፣ ስለ ጎረቤቱ እምነት ለማሳቅ ብሎ አይጽፍም። ስለ ዘፈን ነው የምጽፈው፣ እኔ ምን አገባኝ ማለት አይቻልም። ሰው የተጻፈውን ገጽ በገጽ እየለየ አይደለም የሚቆጣው።

እኔ አማኝ አይደለሁም። አቋሜን መደበቅ አለብኝ?

የለባችሁም። ተከራከሩ፣ ምክንያታችሁን አቅርቡ፣ በስማችሁ ጻፉ።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ያረጋግጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 492 የሃይማኖት ሥርዓትን ማወክንና የአምልኮ ቦታን ወይም የአምልኮ ዕቃን ማርከስን ያስቀጣል። አንቀጽ 816 ደግሞ በአደባባይ በሃይማኖት ላይ በቃል ወይም በምልክት መዘባበትን እንደ ደንብ መተላለፍ ይመለከተዋል፤ ቅጣቱ መቀጮ ወይም ከአንድ ወር የማይበልጥ እስራት ነው። በሃይማኖት ምክንያት በሰዎች ላይ ጥላቻን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይታያል።

እነዚህን አንቀጾች ማወቅ ግዴታ ነው። ነገር ግን ሕግ ያልከለከለውን ሁሉ መጻፍ ተገቢ ነው ብዬ አላስብም፤ በሌላ በኩል ሕጉን እየጠቀሱ የደብር አስተዳዳሪን የሚነካ ስንኝ ሁሉ እንዳይጻፍ የሚያስፈራሩ ሰዎች ሲመጡ ወደ ኋላ ማለት አይገባም። አንቀጹን አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት።

በዓቢይ ጾም ስለ ዘፈን መጻፍ ነውር ነው?

አይደለም። ሰርግ የለም፣ በብዙ ቤት ዘፈን አይከፈትም፤ ስለ በገና ለመጻፍ ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

አንባቢ ተቆጥቶ ቢመጣ ምን ላድርግ?

ተቀበሉት፣ አስቀምጡት፣ የተቆጣበትን ቃል በጣቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ ጽሑፉን ሳያነብ በወሬ የመጣ ነው፤ አብራችሁ አንብቡለት። ያነበበው ደግሞ ያላያችሁትን ያሳያችኋል፤ በተለይ ሽማግሌ ካህን ወይም ሼህ ከሆኑ ስለ ዜማው ራሱ እናንተ የማታውቁትን ነግረዋችሁ ሊሄዱ ይችላሉ። ቅሬታቸውን በራሳቸው ቃል ጽፈው እንዲሰጧችሁ ለምኑ፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን አውጡት። ስማቸው እንዲወጣ ካልፈለጉ አታውጡ። ቃሉ ትክክል ነው ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ ከሥሩ ምክንያታችሁን ጻፉ፤ ዘፈኑን እንደገና አዳምጡና የትኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደሰማችሁ ጠቁሙ።